በፋብሪካ ፍሳሽ ውስጥ ያለን የመድኃኒት ቅሪት በሜምብሬን አውፍሮ መከታተል፦ ዝርዝር መመሪያ

እ.ኤ.አ. በ2007 የስዊድን ተመራማሪዎች በሕንድ ሃይደራባድ አቅራቢያ በምትገኘው ፓታንቸሩ ወደ 90 የሚጠጉ የመድኃኒት አምራቾች ፍሳሻቸውን ከሚልኩበት የጋራ ማጣሪያ ጣቢያ የሚወጣውን ውሃ መርምረው፣ በአንድ ሊትር እስከ 31 ሚሊግራም የሚደርስ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለ አንቲባዮቲክ እንዳገኙበት አሳተሙ። ይህን ያህል መድኃኒት ያለበትን ውሃ ለመመርመር ሜምብሬን፣ ማለትም ውሃውን እያሳለፈ መድኃኒቱን በማስቀረት ናሙናውን የሚያወፍር ስስ ማጣሪያ፣ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ናሙናውን ማቅጠን ነው የሚያስፈልገው። የመከታተል ሥራ የሚከብደው ፍሳሹ በሚገባ ከታከመ በኋላ ነው። ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን መላመድ እንዳይጀምሩ ሲፕሮፍሎክሳሲን በውሃ ውስጥ ሊያልፈው አይገባም ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2016 በተመራማሪዎች የቀረበው ግምት በሊትር 0.064 ማይክሮግራም፣ ማለትም 64 ናኖግራም ነው፤ ከፓታንቸሩው ቁጥር ጋር ሲነጻጸር ወደ ግማሽ ሚሊዮን እጥፍ ያንሳል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 የአንቲባዮቲክ ፋብሪካዎችን ፍሳሽና ደረቅ ቆሻሻ አያያዝ የሚመለከት መመሪያ በማውጣቱ፣ «ከገደቡ በታች ነን» ማለት ብቻውን የማይበቃበት፣ በቁጥር ማሳየት የሚጠየቅበት ጊዜ መጥቷል። በቂሊንጦ ለመድኃኒት አምራቾች በተከለለው የኢንዱስትሪ ፓርክ ዓይነት ቦታ የሚሠራ የቤተ ሙከራ ባለሙያ ይህ ጥያቄ ነገ ጠረጴዛው ላይ ቢመጣበት ሊደነቅ አይገባውም።

ይህ መመሪያ የሚያስረዳው፣ ከባዮሎጂካል ሕክምና የወጣን የፋብሪካ ፍሳሽ በናኖ ማጣሪያ ሜምብሬን አውፍሮ፣ ያለበትን ጥቂት መድኃኒት በተራ የቤተ ሙከራ መሣሪያ መለካት የሚቻልበትን መንገድ ነው። ዋናው ምሳሌያችን ሲፕሮፍሎክሳሲን ሲሆን፣ ጠባያቸው ከእርሱ የሚለየውን የሕመም ማስታገሻውን ዳይክሎፌናክንና የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን ካርባማዜፒንን ለማነጻጸሪያ እናነሣቸዋለን። አስቀድሞ መያዝ ያለበት አንድ ነገር አለ፦ ሜምብሬን መለኪያ አይደለም። የሚለካውን ነገር የሚለውጥ መሣሪያ ነው፤ ስለዚህ የገባውና የወጣው መድኃኒት እንደ ገንዘብ ሒሳብ ካልተመሳከረ በስተቀር፣ በቀሪው ፈሳሽ ውስጥ የተገኘው ቁጥር ምንም ያህል ያማረ ቢሆን ስለ ፍሳሹ የሚናገረው ነገር የለም።

በጽሑፉ ውስጥ ሦስት ስሞች ይመላለሳሉ። ወደ ሜምብሬኑ የሚላከው «መጋቢ ፈሳሽ»፣ ሜምብሬኑን አቋርጦ የሚወጣው «አላፊ ፈሳሽ»፣ ሳያልፍ የሚቀረውና እየወፈረ የሚሄደው ደግሞ «ቀሪ ፈሳሽ» ተብሏል።

ስንት እጥፍ ማወፈር እንደሚያስፈልግ ማስላት

ሥራው የሚጀምረው በፓምፕ ሳይሆን በወረቀት ላይ ነው። መጀመሪያ ያለዎት መሣሪያ በአስተማማኝ ሁኔታ ሊለካው የሚችለውን ዝቅተኛ መጠን ይወቁ። ሲፕሮፍሎክሳሲን በ278 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን ሲያርፍበት በ450 ናኖሜትር አካባቢ ስለሚያበራ፣ የፍሎረሰንስ (የሚያበራውን ብርሃን የሚለካ) መመርመሪያ ያለው ኤችፒኤልሲ፣ ማለትም በፈሳሽ ውስጥ ያሉትን ውህዶች እየለየ የሚለካ መሣሪያ፣ ለዚህ መድኃኒት በጣም ጠቃሚ ነው፤ ሞለኪውሎችን በክብደታቸው የሚለየው ውዱ የማስ ስፔክትሮሜትር የግድ አይደለም። ለስሌት ያህል የእርስዎ መሣሪያ ዝቅተኛ አስተማማኝ ልኬት በሊትር 500 ናኖግራም ነው እንበል። ገደቡ 64 ከሆነ፣ ናሙናው ቢያንስ 8 እጥፍ መወፈር አለበት ማለት ነው፤ ነገር ግን ገደቡ ላይ ቆሞ መለካት ጥበብ ስላልሆነ ከገደቡ ግማሽ በታች መውረድ ይሻላል፤ ስለዚህ ወደ 20 እጥፍ እንሄዳለን።

20 እጥፍ ማወፈር ማለት 10 ሊትር ውሃ ወደ ግማሽ ሊትር መቀነስ ነው። የብዙ ጀማሪዎች ስሕተት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የውሃው መጠን 20 እጥፍ ስለቀነሰ መድኃኒቱ 20 እጥፍ ጨመረ ብለው ያስባሉ። ይህ እውነት የሚሆነው ሜምብሬኑ አንድም የመድኃኒት ሞለኪውል ካላሳለፈ ብቻ ነው። ቀሪው ፈሳሽ ወደ ታንኩ እየተመለሰ በሚወፍርበት አሠራር፣ ትክክለኛው የይዘት ጭማሪ የሚገኘው የመጠን ቅነሳውን እጥፍ ሜምብሬኑ በሚያስቀረው ድርሻ ልክ ወደ ኃይል በማሳደግ ነው። ሜምብሬኑ 95 በመቶ የሚያስቀር ከሆነ፣ 20 ወደ 0.95 ኃይል ሲያድግ 17.2 ይሆናል፤ ከመድኃኒቱም 86 በመቶው በቀሪው ፈሳሽ ውስጥ ይገኛል። 80 በመቶ ብቻ የሚያስቀር ከሆነ ግን ጭማሪው ወደ 11 ዝቅ ይላል፣ 45 በመቶ ያህሉ መድኃኒትም ከአላፊው ጋር ሄዷል። 99 በመቶ ላይ ደግሞ ጭማሪው 19.4 ነው። ከ95 ወደ 80 መውረድ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ ፈሳሹ በወፈረ ቁጥር ግን መድኃኒቱ በሜምብሬኑ በኩል የሚያመልጥበት ዕድል ስለሚጨምር ጉዳቱ እየተደራረበ ይሄዳል።

በ17.2 ጭማሪ የ500 ናኖግራሙ ልኬት ወደ 29 ናኖግራም ይወርዳል። ከ64 ግማሽ በታች ስለሆነ ሥራውን መጀመር ይቻላል።

ሜምብሬኑን መምረጥ

ሜምብሬንን እንደ ወንፊት ማሰብ ለመነሻ ያህል ይጠቅማል እንጂ ሩቅ አያስኬድም። የአልትራ ማጣሪያ ቀዳዳዎች በሺዎች የሚቆጠር ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ያላቸውን ሞለኪውሎች ለመያዝ የተሠሩ ስለሆኑ፣ 331 ዳልተን የሆነውን ሲፕሮፍሎክሳሲን በቀላሉ ያሳልፉታል፤ ለዚህ ሥራ የሚጠቅሙት ቅድመ ማጣሪያ ሆነው ብቻ ነው። ከሁሉም ጠባቡ የሆነው የሪቨርስ ኦስሞሲስ ሜምብሬን ሁሉንም ማለት ይቻላል ይይዛል፣ ችግሩም ይኸው ነው፦ ጨውንም ይይዛል። በሊትር 1 ግራም የገበታ ጨው ያለው ውሃ ወደ 0.85 ባር የሚጠጋ የኦስሞሲስ ግፊት (ጨው ውሃን ወደ ራሱ የሚስብበት ግፊት) አለው፤ ውሃው 20 እጥፍ ሲወፍር ይህ ግፊት ወደ 17 ባር ስለሚያድግ፣ ፓምፑ ያንን ሁሉ አሸንፎ ነው ውሃ የሚያሳልፈው። የወፈረው ጨውም ኋላ በልኬቱ ላይ ይረብሻል። ናኖ ማጣሪያ መካከለኛው መንገድ ነው፤ ከ200 ዳልተን አካባቢ በላይ ያሉትን ሞለኪውሎች በብዛት እያስቀረ፣ እንደ ሶዲየምና ክሎራይድ ያሉትን ባለ አንድ ቻርጅ አዮኖች በከፊል ያሳልፋል።

በገበያ ላይ የሚገኙት አብዛኞቹ የናኖ ማጣሪያዎች በፖሊሰልፎን ድጋፍ ላይ የተለበጠ ስስ ፖሊአማይድ ናቸው። ከታወቁት መካከል ኤንኤፍ 270 ልል፣ ውሃ በብዛት የሚያሳልፍ ሲሆን፣ ኤንኤፍ 90 ጠበቅ ያለ፣ ወደ ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚጠጋ ነው። ለሲፕሮፍሎክሳሲን በልሉ መጀመርን እመርጣለሁ፤ የሚፈለገውን ያህል ካላስቀረ ወደ ጠባቡ መሻገር ይቻላል።

ከሞለኪውሉ ግዝፈት ቀጥሎ የሚመጣው ቻርጁ ነው። የፖሊአማይድ ሜምብሬን ገጽ ከፒኤች 4 አካባቢ በላይ ኔጌቲቭ ይሆናል። የዳይክሎፌናክ የአሲድ ነጥብ (ግማሹ ኔጌቲቭ የሚሆንበት ፒኤች) 4.2 አካባቢ በመሆኑ፣ በተለመደው የፍሳሽ ፒኤች ውስጥ እርሱም ኔጌቲቭ ነው፤ ሁለቱ ስለሚገፋፉ 296 ዳልተን ብቻ ሆኖ ሳለ በሚገባ ይቀራል። ካርባማዜፒን 236 ዳልተን ነው፣ ቻርጅም የለውም፤ የሚያስቀረው ግዝፈቱ ብቻ ስለሆነ በልል ሜምብሬን በኩል ከሦስቱ ይበልጥ የሚያመልጠው እርሱ ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲን ደግሞ ሁለት ገጽ አለው፦ ከፒኤች 6.1 በታች ፖዘቲቭ፣ ከ8.7 በላይ ኔጌቲቭ፣ በመካከሉ ሁለቱንም ቻርጅ በአንድ ላይ የያዘ ነው። ስለዚህ በፒኤች 5 ላይ ቢሠሩ፣ ፖዘቲቭ የሆነው መድኃኒት ኔጌቲቭ በሆነው ሜምብሬን ላይ ይለጠፋል። የላላ ልኬት የሚመጣው ከዚህ ዓይነቱ መለጠፍ ነው፤ በአላፊው ውስጥ መድኃኒት ስለማይታይ ሜምብሬኑ ያስቀረ ይመስላል፣ በቀሪው ውስጥ ግን የለም። ፒኤቹን ከ7 እስከ 8 መካከል መጠበቅ ለዚህ መድኃኒት ጥሩ መነሻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚጋጭ ነገር አለ። ውሃው ካልሲየምና ካርቦኔት የበዛበት ከሆነ፣ 20 እጥፍ ሲወፍር በሜምብሬኑ ላይ ኖራ ይጋገራል፤ የተለመደው መፍትሔ አሲድ መጨመር ነው፤ አሲዱ ደግሞ ከላይ የተባለውን ቻርጅ ያዛባል። ጠንካራ ውሃ ካለዎት ከአሲድ ይልቅ ለእያንዳንዱ ሊትር ወደ 0.1 ግራም የሚሆን ኢዲቲኤ (እንደ ካልሲየም ያሉ አዮኖችን የሚይዝ ውህድ) መጨመርና ፒኤቹን እንደገና ማስተካከል ይሻላል። ኢዲቲኤው ከካልሲየሙ የተወሰነውን ከመያዙም በላይ፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን ከማግኒዥየምና ከብረት ጋር ተቆራኝቶ ከልኬት እንዳይሰወር ይረዳል።

መሣሪያውን ማቆምና ማዘጋጀት

ለቤተ ሙከራ ሥራ የሚበቃው፣ ፈሳሹ በሜምብሬኑ ገጽ ላይ እየተንሸራተተ የሚያልፍበት ጠፍጣፋ የአይዝጌ ብረት ሴል ነው። ፈሳሹን ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚገፋው ዓይነት ለጥቂት መቶ ሚሊሊትር ካልሆነ አይመከርም፤ ያላለፈው ሁሉ ገጹ ላይ ይከመራል። ከሴሉ ጋር ከፍተኛ ግፊት የሚሰጥ ፓምፕ፣ የግፊት መለኪያ፣ የግፊት መቆጣጠሪያና የደኅንነት ቫልቭ፣ ማቀዝቀዣ ያለው ታንክ፣ እንዲሁም አላፊውን የሚመዝን ሚዛን ያስፈልጋል። ሚዛኑን እንደ ቅንጦት የሚያዩት አሉ፤ እኔ ግን ከግፊት መለኪያው እኩል አየዋለሁ፣ ምክንያቱም የመጠን ሒሳቡ በሙሉ በእርሱ ላይ ይቆማል።

ቱቦዎቹ አይዝጌ ብረት ወይም ቴፍሎን ይሁኑ። የሲሊኮን ቱቦ እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉትን ቅባት ወዳድ ሞለኪውሎች ይመጥጣል። አንድ ጊዜ ከሦስተኛው ሙከራ በኋላም የጠፋውን ዳይክሎፌናክ በሜምብሬኑ ላይ ስፈልግ ቆይቼ፣ በመጨረሻ ከፓምፑ ጀርባ የተረሳ የአንድ ክንድ ሲሊኮን ቱቦ ውስጥ አገኘሁት፤ ቱቦው ሲታጠብ ሌላ ሁለት ቀን መድኃኒት እየለቀቀ ቆየ።

አዲስ ሜምብሬን ከፋብሪካው የሚመጣው እንደ ግሊሰሪን ወይም ሶዲየም ሜታባይሰልፋይት ባለ ማቆያ ተነክሮ ነው። በተጣራ ውሃ ለሰዓታት ካጠቡት በኋላ፣ ሊሠሩበት ካሰቡት ግፊት ከፍ ባለ ግፊት ውሃው የሚያልፍበት ፍጥነት እስኪረጋጋ ድረስ ያቆዩት፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሌሊት ይበቃል። ቀጥሎ በሊትር 2 ግራም ማግኒዥየም ሰልፌት ያለበትን ውሃ አሳልፈው፣ በመጋቢውና በአላፊው የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ልዩነት ሜምብሬኑ ምን ያህል ጨው እንደሚያስቀር ይመዝግቡ። ይህ ቁጥር የሜምብሬኑ መታወቂያ ነው፤ ኋላ ሲወርድ ሜምብሬኑ መቀደዱን ወይም መበላቱን ይነግርዎታል።

ከመጀመሪያው ናሙና በፊት ባዶ ሙከራ ማድረግ አይዘለልም። መድኃኒት የሌለበትን ውሃ በሙሉ መንገዱ ውስጥ እንደ ናሙና አሳልፈው አውፍረው ይለኩ። የሚገኘው ቁጥር ካለፈው ሙከራ የተረፈውን ያሳያል።

ናሙና አወሳሰድ

የመድኃኒት ፋብሪካ ፍሳሽ እንደ ወንዝ አይፈስም፤ ማሽን በሚታጠብበት ሰዓት በጎርፍ መልክ ይመጣና ለሰዓታት ይጠፋል። ስለዚህ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ በባልዲ የተቀዳ አንድ ናሙና የሚነግርዎ ስለዚያች ሰዓት ብቻ ነው። ከፍሰቱ መጠን ጋር ተመጣጥኖ በ24 ሰዓት ውስጥ የተሰበሰበ ድምር ናሙና ይውሰዱ፤ ካልተቻለ ደግሞ የማሽን እጥበቱን መርሐ ግብር ከምርት ክፍሉ ተቀብለው፣ በዚያው ሰዓት የተለየ ናሙና ይውሰዱ።

ሲፕሮፍሎክሳሲን በብርሃን ይፈርሳል፤ ስለዚህ ቡናማ ጠርሙስ ወይም በአሉሚኒየም ወረቀት የተጠቀለለ ዕቃ ያስፈልጋል። ናሙናው ክሎሪን የተጨመረበት ከሆነ ወዲያውኑ ጥቂት ሶዲየም ታዮሰልፌት ይጨመርበት፤ ክሎሪን መድኃኒቱንም ፖሊአማይዱንም ስለሚበላ ሁለት ጉዳት ያስከትላል። ከዚያ በመስታወት ቃጫ ማጣሪያ ደለሉን ያስወግዱ። ነገር ግን ደለሉን ወዲያው አይጣሉት። ሲፕሮፍሎክሳሲን ከደለል ጋር መጣበቅ የሚወድ በመሆኑ፣ በማጣሪያው ላይ የቀረው ድርሻ ካልተለካ ፍሳሹ ከእውነተኛው የጸዳ ሆኖ ይታያል። ሪፖርቱ የሟሟውን ብቻ ይሁን ወይስ ጠቅላላውን የሚመለከት መሆኑ በግልጽ ይጻፍ።

በመቀጠል ለናሙናው ዳኛ ይጨመርበታል፦ ፋብሪካው የማያመርተውና ከሲፕሮፍሎክሳሲን ጋር የተቀራረበ ጠባይ ያለው ሌላ ፍሎሮኪኖሎን (የሲፕሮፍሎክሳሲን ቤተሰብ አንቲባዮቲክ)፣ ለምሳሌ ሎሜፍሎክሳሲን፣ በታወቀ መጠን ይጨመራል። ማስ ስፔክትሮሜትር ላለው ደግሞ ከሃይድሮጅኑ ከፊሉ በዴውቴሪየም (በከባዱ ሃይድሮጅን) የተተካ ሲፕሮፍሎክሳሲን ከሁሉ የተሻለ ዳኛ ነው። ዳኛው ከማወፈሩ በፊት ገብቶ ከማወፈሩ በኋላ ሲለካ፣ በመንገድ ላይ ስንት እንደጠፋ ይመሰክራል።

ቤታ ላክታም የሚባሉትን አንቲባዮቲኮች፣ በተለይ አሞክሲሲሊንን፣ ለሚያመርቱ አንባቢዎች አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ እነዚህ በውሃ ውስጥ በራሳቸው ስለሚፈርሱ፣ ለብዙ ሰዓታት በፓምፕ የሚዞሩበት ይህ ዘዴ ለእነርሱ አይመችም።

ማወፈሩ

10 ሊትሩን ወደ ታንኩ ገልብጠው፣ መጀመሪያ ያለ ግፊት ለ30 ደቂቃ ያህል ያዙሩትና ከታንኩ ትንሽ ናሙና ይውሰዱ። ይህ ናሙና ከመጀመሪያው ይዘት አንሶ ከተገኘ፣ መድኃኒቱ ገና ማወፈሩ ሳይጀመር በቱቦዎቹና በሜምብሬኑ ላይ ተለጥፏል ማለት ነው። በእርግጥ በናኖግራም ደረጃ ያለን ይዘት መሣሪያዎ በቀጥታ ሊያየው ስለማይችል፣ ይህን ፍተሻ የሚያደርጉት በታወቀ መጠን መድኃኒት በተጨመረበት ውሃ፣ ዘዴውን በሚያቋቁሙበት ጊዜ ነው።

ከዚያ ግፊቱን ቀስ በቀስ ወደ 5 ባር፣ ቀጥሎ ወደ 8 ባር ያሳድጉ። የሴልዎ የሜምብሬን ስፋት 140 ካሬ ሴንቲሜትር ከሆነና በአማካይ በካሬ ሜትር በሰዓት 40 ሊትር ካለፈ፣ በሰዓት 0.56 ሊትር ያገኛሉ፤ 9.5 ሊትር ለማስወጣትም 17 ሰዓት ይፈጅብዎታል። ይህ ስሌት ሁለት ነገር ያስገድዳል። አንደኛ፣ ፓምፑ የሚያሞቀው ፈሳሽ ሌሊቱን እንዳይሞቅ ታንኩ መቀዝቀዝና አንድ ሙቀት ላይ መቆየት አለበት፤ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በተለወጠ ቁጥር የፍሰቱ ፍጥነት በ3 በመቶ ገደማ ስለሚለወጥ፣ ፍሰቱ የቀነሰው ሜምብሬኑ ስለቆሸሸ ይሁን ስለቀዘቀዘ መለየት አይቻልም። ሁለተኛ፣ ታንኩ በብርሃን ፊት መዋል የለበትም። ጊዜውን ለማሳጠር ትልቅ ጥቅልል ሜምብሬን መጠቀም የሚመርጡ አሉ፤ ጊዜው ያጥራል፣ ነገር ግን መድኃኒት የሚለጠፍበት ስፋት በብዙ እጥፍ ያድጋል፣ በመንገዱ ውስጥ የሚቀረው ፈሳሽም ከግማሽ ሊትር ሊበልጥ ስለሚችል የታሰበው 20 እጥፍ ላይ መድረስ ያቅታል። በጠፍጣፋ ሴልም ቢሆን በፓምፑና በቱቦዎቹ ውስጥ የሚቀረውን መጠን አስቀድመው በውሃ ሞልተው ይለኩት።

ግፊት በመጨመር ሥራውን ማፋጠን ይቻላል የሚለው ፈተና በየሌሊቱ ይመጣል። ውሃው በፈጠነ ቁጥር መድኃኒቱ በሜምብሬኑ ገጽ ላይ ይከመራል፤ ሜምብሬኑ የሚያየው ይዘት በታንኩ ውስጥ ያለውን ሳይሆን ገጹ ላይ የተከመረውን በመሆኑ የሚያመልጠው ይበዛል። ከግፊቱ ይልቅ በገጹ ላይ የሚንሸራተተውን ፈሳሽ ፍጥነት መጨመር ይሻላል፤ በሴኮንድ ከ0.3 እስከ 0.5 ሜትር ጥሩ መነሻ ነው።

በየሰዓቱ የአላፊውን ክብደት፣ ግፊቱን፣ ሙቀቱን፣ ፒኤቹንና የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱን ይመዝግቡ። አላፊውን በሙሉ በአንድ ንጹሕ ዕቃ ይሰብስቡት፤ ወደ ፍሳሽ አይልቀቁት፣ ምክንያቱም ለሒሳቡ ይፈለጋል። ታንኩ ግማሽ ሊትር ሲደርስ ግፊቱን አውርደው ቀሪውን በሙሉ ያውጡ። ቀጥሎ 200 ሚሊሊትር በአሲድ ወደ ፒኤች 3 የወረደ ውሃ አዙረው ለብቻው ይያዙት፤ በዚህ ፒኤች ሜምብሬኑ ኔጌቲቭነቱን ስለሚያጣ፣ ይህ የተለጠፈውን ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚያነሣ እጥበት ነው። ከቀሪው ጋር አይቀላቅሉት፤ ቢቀላቅሉት ያወፈሩትን መልሰው ማቅጠን ይሆናል፣ ከዚያም በላይ የጠፋው መድኃኒት የት እንደነበረ የሚነግርዎትን ምስክር ያጣሉ።

መለካት

ሜምብሬኑ ሲፕሮፍሎክሳሲንን ብቻ ለይቶ አላወፈረም። ፍሳሹ ውስጥ ያለው ቡናማ ሂዩሚክ (ከበሰበሰ ሕይወታዊ ነገር የሚመጣ) ነገር፣ የጡባዊ ማያያዣና የሳሙና ቅሪት ሁሉ አብረው ወፍረዋል። በፍሎረሰንስ ይህ ከፍ ያለ የጀርባ ብርሃን ሆኖ ይታያል፤ በማስ ስፔክትሮሜትር ደግሞ የመድኃኒቱን ምልክት ያፍናል። ምልክቱ በግማሽ ከታፈነ፣ በ17.2 እጥፍ የተገኘው ጥቅም ወደ 8.6 ወረደ ማለት ነው።

የመታፈኑን መጠን ለማወቅ ቀሪውን ፈሳሽ ለአራት ከፍለው፣ ለአንደኛው ምንም ሳይጨምሩ፣ ለሌሎቹ ሦስቱ እየጨመረ የሚሄድ የታወቀ መጠን ሲፕሮፍሎክሳሲን ጨምረው ይለኩ። ነጥቦቹን የሚያገናኘው መስመር ተዳፋት፣ በንጹሕ ውሃ ከተሠራው የመለኪያ መስመር ተዳፋት ጋር ሲነጻጸር የመታፈኑን ድርሻ ይሰጣል። የተጨመረው ዳኛ መጥፋትንና መታፈንን በአንድ ላይ ስለሚያሳይ፣ ይህ ሁለተኛ ፍተሻ ሁለቱን ለመለየት የግድ ያስፈልጋል። በመንገድ የጠፋ መድኃኒት የሜምብሬን ችግር ነው፤ የታፈነ ምልክት የመሣሪያ ችግር ነው፤ መፍትሔያቸውም የተለያየ ነው።

ሒሳቡን ማመሳከር

ዘዴውን በሚያቋቁሙበት ጊዜ፣ ከማንኛውም እውነተኛ ናሙና በፊት፣ የሚከተለውን ያድርጉ። መድኃኒት በሌለበት ተመሳሳይ ፍሳሽ 10 ሊትር ላይ በሊትር 10 ማይክሮግራም እንዲሆን ሲፕሮፍሎክሳሲን ይጨምሩ፤ የገባው 100 ማይክሮግራም ነው። አውፍረው ሲጨርሱ ቀሪው ግማሽ ሊትር በሊትር 164 ማይክሮግራም ቢገኝበት 82 ማይክሮግራም ነው። አላፊው 9.5 ሊትር በሊትር 0.9 ማይክሮግራም ቢገኝበት ወደ 8.6 ይሆናል። 200 ሚሊሊትሩ የአሲድ እጥበት በሊትር 25 ማይክሮግራም ቢኖረው 5 ማይክሮግራም ነው። ድምሩ 95.6 ማይክሮግራም ሆነ፤ 4 ማይክሮግራም ተኩል ያህል የት እንደገባ አልታወቀም። ይህን ያህል ጉድለት የሚታለፍ ነው። እኔ የምቀበለው ከ85 እስከ 110 በመቶ ያለውን ነው፤ ከ110 በላይ መሆኑ ከጉድለቱ ይልቅ ሊያሳስብ ይገባል፣ ካለፈው ሙከራ የተረፈ መድኃኒት እየለቀቀ ነው ወይም የመለኪያው መስመር ተሳስቷል። ከ85 በታች ከሆነ ሜምብሬኑን ከሴሉ አውጥተው ቆራርጠው አሲድ በተጨመረበት ሜታኖል ውስጥ ይንከሩና ሜታኖሉን ይለኩ፤ እዚያ ከሌለ ቱቦዎቹን፣ የታንኩን ግድግዳና ብርሃኑን ይጠርጥሩ።

ይህ ፈተና በ10 ማይክሮግራም አለፈ ማለት ግን በ64 ናኖግራምም ያልፋል ማለት አይደለም። መድኃኒት የሚለጠፍባቸው ቦታዎች የተወሰኑ ናቸው፤ መድኃኒቱ ብዙ ሲሆን ይሞሉና ትርፉ ሳይለጠፍ ይቀራል፤ ጥቂት ሲሆን ግን ከጠቅላላው ትልቁን ድርሻ ሊውጡት ይችላሉ። ስለዚህ ሙከራው በሊትር 0.2 ማይክሮግራም ላይ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይደገም። በዚህ ደረጃ አላፊው ከመሣሪያዎ ዓይን በታች ስለሚሆን ሒሳቡ በሙሉ አይዘጋም፤ ቀሪው ግን በሊትር ወደ 3.3 ማይክሮግራም መድረስ አለበት። ወደ 2 ወርዶ ከተገኘ፣ የመለጠፉ ችግር በዝቅተኛው ደረጃ ላይ እንደባሰ ግልጽ ነው፤ ለሪፖርት የሚውለው የእርማት ቁጥርም ከዚህ ዝቅተኛ ሙከራ እንጂ ከላይኛው አይወሰድ።

ለተከታታይ ክትትል ማዋል

አንዳንድ ፋብሪካዎች በየቀኑ 10 ሊትር ከማወፈር ይልቅ ከፍሳሹ መስመር ትንሽ ቅርንጫፍ ወስደው፣ ሜምብሬኑን ያለ ማቋረጥ እያሠሩ፣ በቀሪው መስመር ላይ የፍሎረሰንስ መመርመሪያ ማስቀመጥ ይፈልጋሉ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሒሳቡ እንደ ታንኩ አይደለም። ከሚገባው 95 በመቶው በአላፊነት ሲወጣና ሜምብሬኑ 95 በመቶ ሲያስቀር፣ በታንኩ አሠራር 17.2 የነበረው ጭማሪ በማያቋርጠው አሠራር 10.3 ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ሜምብሬኑ ከመጀመሪያው ደቂቃ እስከ መጨረሻው የሚያየው የወፈረውን ፈሳሽ ብቻ ነው። በዚህ ምሳሌ 500 ናኖግራም የሚለካ መመርመሪያ 49 ናኖግራም ላይ ይቆማል፤ ከ64 በታች ቢሆንም ትንፋሽ የሚሰጥ ርቀት የለውም።

ከዚህ የሚብሰው መዘግየቱ ነው። የሚዞረው መንገድ ግማሽ ሊትር ቢይዝ፣ የሚገባው በሰዓት 0.6 ሊትር ቢሆን፣ ከዚያም 0.03 ሊትሩ ብቻ በቀሪነት ቢወጣ፣ ፍሳሹ ድንገት ቢበከል መመርመሪያው የለውጡን 63 በመቶ የሚያሳየው ከ8 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ሙሉ ለሙሉ ሊረጋጋ አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል። ጧት የታጠበው ማሽን ማንቂያውን የሚያስጮኸው ማታ ነው ማለት ነው። ይህን ለማሳጠር የሚዞረውን መጠን መቀነስና የሜምብሬኑን ስፋት መጨመር ያስፈልጋል፤ ወይም የማወፈሩን እጥፍ ዝቅ አድርጎ በተሻለ መመርመሪያ መካስ። እኔ የምመክረው ተከታታዩን ለአዝማሚያ፣ የታንኩን አሠራር ደግሞ ለሪፖርት ማዋል ነው። ለድንገተኛ መፍሰስ ማንቂያ የሚፈልግ ሰው ሳይወፍር ከማሽን እጥበቱ መውጫ ላይ በቀጥታ ይለካ፤ እዚያ መድኃኒቱ በሚሊግራም ስለሚቆጠር ተራ የአልትራቫዮሌት መመርመሪያ ይበቃል።

ከሥራው በኋላ

ቀሪው ግማሽ ሊትር አሁን ከፍሳሹ 17 እጥፍ የበረታ አንቲባዮቲክ የያዘ ፈሳሽ ነው፤ በናኖግራም ደረጃ ለሰው ባያሰጋም፣ ከሙከራ የተረፈው በማይክሮግራም የተቆጠረው ወደ ማጠቢያ ገንዳ መፍሰስ የለበትም። ከአሲድ እጥበቱና ከሜታኖሉ ጋር ሳይቀላቀል ለየብቻው ተሰይሞ ይቀመጥና ለማቃጠል ፈቃድ ላለው አካል ይሰጥ። አላፊው ተለክቶ ካለቀ በኋላ ወደ ሕክምናው መግቢያ ሊመለስ ይችላል።

ሜምብሬኑ በተጣራ ውሃ ታጥቦ፣ በኦርጋኒክ ነገር የተሸፈነ ከሆነ ፒኤቹ 11 አካባቢ በሆነ የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውሃ፣ ኖራ ከጋገረበት በሲትሪክ አሲድ ይታጠባል፤ በረኪና ፈጽሞ አይነካው። በሚቀጥለው ሙከራ መግቢያ ላይ የማግኒዥየም ሰልፌቱን ፈተና ይድገሙና ከመታወቂያው ቁጥር ጋር ያነጻጽሩ። ለአንድ ሳምንት የማይሠራ ከሆነ 1 በመቶ ሶዲየም ሜታባይሰልፋይት ባለበት ውሃ ውስጥ በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ፤ ከዚህ ፈሳሽ ሲወጣ ግን ባዶ ሙከራው ከመጀመሪያው ይደገማል።